ተክሊል፣ ቀበሌ፣ ሽታንደስአምት (የጀርመን የጋብቻ መዝገብ ቢሮ)፦ ውጭ አገር ካለ ሰው ጋር ለምትጋቡ

ከጎጃም ሆናችሁ ውጭ አገር ካለ ሰው ጋር ልትጋቡ ሽማግሌ የተላከባችሁ ወይ ቀለበት ያሰራችሁ ልጆች ካላችሁ ይቺን አንብቧት። ወንዶችም ብትሆኑ ያው ነው። እኔ የፍኖተ ሰላም ልጅ ነኝ፣ ባለቤቴ ደምበጫ ነው ያደገው፣ ስንጋባ ግን እሱ ጀርመን ፍራንክፈርት አካባቢ ይሰራ ነበር። ከሰርጉ እስከ ቪዛው ያለው ጊዜ እጅግ ረዘመብን፣ የረዘመውም ተጠርጥረን ወይ ገንዘብ አንሶን አደለም፣ የሰርጉ ቀንና የወረቀቱ ቀን፣ የቤተ ክርስቲያን ስምና የፓስፖርት ስም፣ የኛ ሕግና የነሱ ሕግ አልገጥም እያሉ ነው። እዛ ከገባሁ በኋላ ደግሞ ከኔ የባሰ የገጠማቸውን አየሁ፣ እነሱን ሳይ ነው ነገሩ በደንብ የገባኝ።

ሽማግሌ ተልኮ ቀን ተቆርጦ ሰርጋችን ጥር 19 ቀን 2011 እሁድ ሆነ። እኛ ዘንድ ሰርግ ጥር ላይ የሚበዛው እህሉ ከአውድማ ገብቶ፣ ጥምቀት አልፎ፣ ዐቢይ ጾም ደግሞ ገና ስላልገባ ነው። ለውጭ ሰው ግን ይሄ ራሱ ጣጣ አለው፣ የዓመት ፈቃዱን አሰሪውን ለምኖ ያገኘ ሰው ለሰርጉ ይደርሳል፣ ከዛ ቅልቅል፣ ከዛ መልስ፣ ከዛ የዘመድ ጥሪ፣ አንዱ ቤት ዶሮ አንዱ ቤት በግ እየተባለ ቀኑ ያልቅና ሻንጣውን ይዞ ይመለሳል። የመንግሥት ቢሮ የተከፈተባቸው ቀናት ሁሉ በግብዣ ያልቃሉ።

ተክሊል ስለነበር ቤተ ክርስቲያን በበኩሏ በደንብ ነው የጠየቀችን። የሁለታችንም የንስሐ አባት ምስክርነት ያስፈልጋል፣ እሱ ፍራንክፈርት ከሚያስቀድስበት ደብር ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ ይዞ መጣ፣ ያላገባ መሆኑንና ለተክሊል የሚበቃ መሆኑን የሚገልጽ። እኔንም የንስሐ አባቴ አስቀምጠው አናገሩኝ። ከዛ ሌሊት ኪዳን ደርሶ፣ ካባ ለብሰን፣ ቀለበቱ ተባርኮ፣ ቅብዐ ቅዱስ ተቀብተን፣ አክሊል ተደፍቶልን፣ በቅዳሴው ሥጋ ወደሙን አብረን ተቀበልን። አክሊሉ ከምታስቡት በላይ ይከብዳል፣ አንዱ ዲያቆን ነጠላዬን ከሥሩ አጠፍ አርጎ ባያስገባልኝ ግንባሬ ላይ ይወርድ ነበር። በማግስቱ የደብሩ አስተዳዳሪ የተክሊል ምስክር ወረቀት ሰጡን፣ ክብ ማህተም ያለበት፣ ዳሩ በሐረግ የተጌጠ፣ በጣም የሚያምር ወረቀት። አማቴ በፍሬም አርገው ግድግዳ ላይ ሊሰቅሉት ነበር።

ቀበሌ ሄደን እናስመዝግብ ስል የባለቤቴ አባት፣ አባባ ነው የምላቸው፣ ከልባቸው ነው የተገረሙት። «ተክሊል የደፋች ልጅ ደሞ ቀበሌ ምን ልታረግ ትሄዳለች? እግዜር የመዘገበውን ቀበሌ ሊያስተካክለው ነው?» አሉ፣ ቤቱ ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሙሽራ ነኝ አማቴን መከራከር ምኑ ያምርብኛል፣ ዝም አልኩ። ባለቤቴም በረራው ደርሶ ሄደ።

አባባ እኮ በሕጉም ቢሆን ተሳስተው አደለም፣ ይሄን ልብ በሉ፣ ጉዱ ያለው እዚህ ጋ ነው። እኛ አገር ሕጉ ሦስት ዓይነት ጋብቻ ያውቃል፣ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓትና በባህል። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ የ1992ቱ 213 ቁጥር አዋጅ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ነው የሚሰራው፣ የኛ ክልል የራሱ አለው፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995 የሚባለው፣ ሁለቱም ሦስቱን በእኩል ነው የሚያዩት። አያቴ በሰማንያ ነው የተዳረችው፣ በሽማግሌ ፊት፣ እሱም ጋብቻ ነው። የተክሊል ጋብቻ ሳይመዘገብ ቢቀር እንኳን ፈረሰ አይባልም፣ ባልና ሚስት ሆነው መኖራቸው በምስክር ተረጋግጦ ፍርድ ቤት ያጸናዋል። ስለዚህ ጎጃም ውስጥ ተጋብቶ ጎጃም ውስጥ ለሚኖር ሰው የአባባ ነገር አያስኬድም አይባልም (ምንም እንኳን የወሳኝ ኩነት አዋጁ 760/2004 በሃይማኖትም በባህልም የተጋባ ሁሉ በሠላሳ ቀን ውስጥ ያስመዝግብ ቢልም፣ ከሐምሌ 2008 መጨረሻ ጀምሮም በየቀበሌው ምዝገባው ቢኖርም)። ድንበር መሻገር ሲመጣ ነው ነገሩ የሚለወጠው።

እንዴት እንደሚለወጥ ያየሁት ለቪዛ የሚያስፈልገውን ስጠይቅ ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ወረቀት አልናቁትም፣ ግን ዋናው የወሳኝ ኩነት የጋብቻ ምስክር ወረቀት ነው አሉኝ፣ የደብሩ ወረቀት እሱን የሚደግፍ ማስረጃ ነው። ተነስቼ ቀበሌ ሄድኩ። ሠራተኛው ጎልማሳ ነው፣ ትልቁን መዝገብ ገለጥ ካረገ በኋላ «ባልሽስ?» አለኝ። «ጀርመን ነው» አልኩት። መዝገቡን ቀስ ብሎ ከደነውና «እሱ ሲመጣ አብራችሁ ኑ እታለም፣ እኔ ግማሽ ጋብቻ አልመዘግብም» አለኝ። ተናደድኩ፣ ግን ልክ ነበር፣ ሁለቱም ተጋቢዎች ቀርበው መፈረም አለባቸው፣ ምስክሮችም እንዲሁ። ውክልና ልላክ ብሎ ባለቤቴ ደጋግሞ ጠየቀኝ። ተዉት። ሕጋችን ራሱ ተጋቢዎቹ በአካል እንዲቀርቡ ነው የሚፈልገው፣ በእንደራሴ መጋባት በጣም ለየት ላለ ምክንያት ከፍትሕ አካል ፈቃድ ሲገኝ ብቻ ነው፣ ውጭ አገር ያለ መሥሪያ ቤት ደግሞ በውክልና የተፈረመ ጋብቻ ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው ማጭበርበር ነው።

እሱ ሌላ ፈቃድ እስኪያገኝ ጠበቅን። እንግዲህ ምክሬ አንድ ነው ከተባለ ይሄ ነው፣ ሙሽራው ከመምጣቱ በፊት ቀበሌ ሄዳችሁ ምን ምን እንደሚያስፈልግ ጠይቁ፣ መታወቂያ፣ ፎቶ፣ ያላገባ ማስረጃ፣ ለየወገኑ ሁለት ሁለት ምስክር፣ ሁሉንም አሰናዱና ከሰርጉ በኋላ ያለውን ሰኞ ወይ ማክሰኞ ለቀበሌ ብቻ ያዙት። ሚዜዎቹን ምስክር አርጓቸው፣ ያን ቀን አንዳቸውም ገና ቤታቸው አልገቡም፣ ካለፈ በኋላ ግን አንዱ ቡሬ አንዱ አዲስ አበባ ሲበተን መሰብሰቡ መከራ ነው። ዘመድ ቢቀየም መልሱ ላይ ይታረቃል።

እሱ ሲመጣ አብረን ሄድን። ዘግይታችኋል ተብለን ምክንያቱን በማመልከቻ ጻፍን፣ እሽ ተባለ። አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ቅጹ ላይ ጋብቻው የተፈጸመበት ቀን የሚል አለ፣ የተመዘገበበት ቀን የሚል አለ፣ ወረቀቱ የተሰጠበት ቀን የሚልም አለ። ሰውዬው ሦስቱም ላይ ያን ዕለት ያለውን ቀን ሞላው። አጠገቡ ቆሜ እያየሁ ነው፣ «ይሄ እኮ የተጋባንበት አደለም፣ እኛ የተጋባነው ጥር 19 ነው» ስለው «ያው ነው እኮ እህቴ፣ ዋናው መጋባታችሁ ነው» አለኝ። ያው አደለም! የተክሊሉ ወረቀት ጥር ይላል፣ የሰርጉ ፎቶ ጥር ነው፣ የሱ ፓስፖርት ላይ ያለው ማህተም ጥር ነው፣ የመንግሥቱ ወረቀት ሌላ ወር ካለ ለውጭ ሰው ሁለት ጋብቻ ነው የሚመስለው። እሱ የሚያውቀው በሹም ፊት የሚፈጸመውን ነው፣ እዛ ላይ መጋባትና መመዝገብ አንድ ቀን ነው፣ የሃይማኖት ሲሆን ግን ጋብቻው ቀድሞ ምዝገባው ይከተላል። ባለቤቴ የተክሊሉን ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋለት፣ ሰውዬው መነጽሩን አውጥቶ አነበበው፣ ጭንቅላቱን ነቀነቀና ቅጹን ቀዶ አዲስ ጀመረ። እግዜር ይስጠው። የጋብቻው ዓይነት የሚለውም ላይ በሃይማኖት ሥርዓት መባሉን አይታችሁ ፈርሙ፣ ቢሮው ሳለን ለማስተካከል ደቂቃ ነው፣ ከወጣን በኋላ ግን ፍርድ ቤት ድረስ ሊያስኬድ ይችላል።

ስሙ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የደብሩ ወረቀት ላይ የተጻፈው የክርስትና ስማችን ነበር፣ ካህናቱ በጸሎት የሚጠሩን በሱ ነዋ፣ እኔ ወለተ ኪዳን እሱ ገብረ ሚካኤል። ፓስፖርታችን ላይ ያለው ሌላ ነው። ለኛ ግልጽ ነው፣ ለጀርመን ግን አራት ሰው ነው። ደብሩ ተመልሼ የዓለም ስማችንን ከነአያታችን ከክርስትና ስማችን ጎን አርገው እንዲጽፉልን ጠየቅኩ፣ አስተዳዳሪው ደግ አባት ናቸው «ይፍቱኝ አባ፣ ላስቸግርዎት ነው» ስላቸው ስቀው ሌላ ጻፉልኝ። እናንተ ከመጀመሪያው የፓስፖርታችሁን ኮፒ ለጸሐፊው ስጡት፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ፊደሉ እንዳለ እንዲገለብጥ።

ከዛ ትርጉም። አዲስ አበባ አንድ ትርጉም ቤት ሰጠሁት፣ አሳምሮ ሰርቶ ሰጠኝ፣ ውልና ማስረጃም ውጭ ጉዳይም ልወስደው ስል የአጎቴ ልጅ አየችውና «አንቺ፣ በ2018 ነው እንዴ የተጋባችሁት?» አለችኝ። ጥር 2011 የሚለውን ሰውዬው ሰባት ደምሮ ጃንዋሪ 2018 ብሎታል! ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ነው ሰባት የሚደመረው፣ የፈረንጅ አዲስ ዓመት ከገባ በኋላ እስከ ጳጉሜ ድረስ ስምንት ነው። ትክክለኛው ጃንዋሪ 27፣ 2019 ነበር። አስቡት እንግዲህ፣ ባለቤቴ በ2018 ጃንዋሪ ፍራንክፈርት ሥራ ላይ ነው፣ ኢትዮጵያ አልገባም፣ ፓስፖርቱ ይመሰክራል። ያ ወረቀት ማህተም ተደርጎበት ቢገባ ኖሮ ሙሽራው በሌለበት የተደረገ ሰርግ ይሆን ነበር። ሰርግ ደግሞ አብዛኛው ጥርና ሚያዝያ ላይ ነው፣ ስለዚህ ይሄ ስህተት እናንተንም ያገኛችኋል፣ ራሳችሁ ቆጥራችሁ አረጋግጡ።

የቪዛውን ነገር አላስረዝመውም። ጀርመን ለሚሄድ ሚስት ወይ ባል ብዙውን ጊዜ የኤ ዋን (የመጀመሪያው ደረጃ) የጀርመንኛ ፈተና ይጠየቃል፣ የሰርጉን ቀን ሳትጠብቁ ጀምሩት፣ እኔ የጀመርኩት ለወረቀቱ ስጠብቅ ነው፣ ያ መጠበቅ ቢያንስ ለዚህ ጠቀመኝ። ወረቀቶቹን ኤምባሲው በራሱ መንገድ ያጣራል፣ ቀበሌና ደብር ድረስ ሄዶ የሚጠይቅ ሰው ሊልኩ ይችላሉ፣ ጊዜ ይወስዳል። የሰርግ ፎቶ ስትመርጡ ደግሞ ሁለታችሁ ብቻ ስቱዲዮ ውስጥ የተነሳችሁትን አትከምሩ፣ ካህናቱ ያሉበት፣ ዳሱ የሚታይበት፣ የሁለቱም ወላጆች ያሉበት ነው የሚናገረው። አንዳንዴ ሁለቱን በየፊናቸው ይጠይቃሉ፣ እሱን እዛ እናንተን እዚህ፣ ማን ምን ለበሰ፣ ስንት ሚዜ ነበር እያሉ፣ እውነት ለሆነ ሰው አያስፈራም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

እዛ ከደረስኩ በኋላ ከደብሩ ሰዎች ጋር ተዋወቅኩ፣ ከነሱ መሀል አንዲት እህት አለች፣ እሷም የጎጃም ልጅ ናት፣ ሰርጓ ላይ የተነሳችውን ፎቶ ስታሳየኝ ካባው፣ አክሊሉ፣ ካህናቱ፣ ሁሉም ልክ የኔን ይመስላል። የኔ ፍኖተ ሰላም ነው የሷ ደግሞ እዛው ጀርመን፣ ልዩነቱ ይሄ ብቻ ነው። ባሏ በድንገት ታሞ ሆስፒታል ገባ፣ ራሱን አያውቅም፣ ሀኪሙ ሚስቱ መሆንሽን የሚያሳይ አለ ወይ ብሎ ጠየቃት፣ የተክሊሉን ወረቀት ሰጠችው። በነሱ ሕግ ያ ወረቀት ምንም አደለም። እኔ ጎጃም ላይ የደፋሁት አክሊል ጀርመን ውስጥ ሚስት አረገኝ፣ እሷ ጀርመን ውስጥ የደፋችው ግን እዛው ጀርመን ውስጥ ላጤ አርጎ አስቀራት። ሥርዓቱ አንድ፣ ጸሎቱ አንድ፣ ቁርባኑ አንድ። ሕጉ የሚያየው የት አገር መሬት ላይ እንደተፈጸመ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በኢትዮጵያ ሕግ የጸና ጋብቻን ጀርመኖች በሥርዓቱ እስከተረጋገጠ ድረስ ይቀበሉታል፣ እዛው አገራቸው ውስጥ ለሚፈጸም ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታ በቀር ሽታንደስአምት ከሚባለው የክብር መዝገብ ቢሮ ሌላ አያውቁም።

ይሄ ደግሞ ዛሬ የመጣ አደለም። የጀርመን ቻንስለር በነበረው በቢስማርክ ዘመን በ1875 (ከዚህ ወዲያ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) በወጣ ሕግ ከ1876 መጀመሪያ ጀምሮ ጋብቻ የመንግሥት ሥራ ሆነ፣ ያኔ ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጋር ትልቅ ጸብ ውስጥ ነበሩ። ለረጅም ጊዜ ካህን ከመንግሥት ቀድሞ ማጋባት ክልክል ነበር፣ ከ2009 ጃንዋሪ ወዲህ ለአዋቂዎች ተፈቀደ፣ ማለትም ሽታንደስአምት ሳትሄዱ ቤተ ክርስቲያን ብትጋቡ ማንም አይቀጣችሁም፣ ግን ሕጋዊ ውጤት የለውም። የኛ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፣ ተፈቀደ ሲባል ጸደቀ ይመስላቸዋል። ከ2023 ጃንዋሪ ጀምሮ ደግሞ ባል ወይ ሚስት በሕመም ራሱን ሲስት የትዳር ጓደኛው እስከ ስድስት ወር ድረስ ስለሕክምናው መወሰን የሚችልበት ሕግ መጥቷል፣ ይሄም በሕግ ለተጋቡ ብቻ ነው። ውርሱ፣ የባል ጡረታ፣ ግብሩ፣ ሁሉም እንዲሁ ነው። ልጅ ሲወለድ እንኳን በሕግ የተጋቡ ከሆኑ አባትየው በቀጥታ አባት ነው፣ ካልሆነ ቢሮ ሄዶ ልጁ የኔ ነው ብሎ መፈረም አለበት። ሰባት ቄስ በመሰከረበት ትዳር ውስጥ ያለ ሰው ልጄ ነው ብዬ ልፈርም ወይ ብሎ ሲናደድ አይቻለሁ፣ ይናደድ እንጂ ፈርሟል።

ያቺ እህት ባሏ ዳነላት፣ ተመስገን። እንደዳነ ሽታንደስአምት ሄዱ፣ እኔም አብሬ ሄድኩ። ፍራንክፈርት ሮመር የሚባለው የድሮው ማዘጋጃ ቤት ነው፣ ውጭውን ስታዩት ያስደምማል፣ ውስጥ ያለው ሥርዓት ግን የኛ ሽማግሌ ለሰላምታ የሚፈጅበትን ጊዜ እንኳን አልፈጀም። አንዲት ሴትዮ ጥቁር ጃኬት ለብሳ ጠረጴዛ ጋ ቁጭ ብላለች፣ ከኋላዋ አበባ አለ፣ የመሐላ አስተርጓሚ አጠገባቸው ተቀምጧል (ቋንቋው በደንብ ለማይገባው ግዴታ ነው፣ ዘመድ አይሆንም)፣ ስማቸውን አነበበች፣ ፈቃዳችሁ ነው ወይ አለች፣ «ያ» (አዎ) አሉ፣ ፈረሙ። ምስክር አለን ብለን ሁለት ሰው ተሰልፈን ብንሄድ ከ1998 ወዲህ ምስክር ግዴታ አደለም፣ ከፈለጋችሁ ነው አሉን። እልል ስል ሴትዮዋ ደንግጣ ሳቀች፣ ከኛ ቀጥሎ የሚገቡ ሙሽሮች በር ላይ ቆመዋል፣ ቶሎ ውጡ ነው። እህታችን ስትወጣ አለቀሰች፣ «ስንት ዓመት ሙሉ በነሱ ቤት ላጤ ነበርኩ ማለት ነው?» ነው ያለችው።

ከዛ በኋላ ዘመድ በደወለ ቁጥር እናንተ ጋስ እንዴት ነው እያልኩ መጠየቅ አመል ሆነብኝ። ፈረንሳይ ከጀርመንም የከረረች ናት፣ በአብዮታቸው ዘመን ከ1792 ጀምሮ መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤት ነው፣ የሱን ማስረጃ ሳያይ ማጋባት ልማዱ ያረገ ካህን ራሱ ይቀጣል፣ ስለዚህ እዛ ያሉ አባቶች ወረቀቱን አምጡ ቢሏችሁ ጭካኔ አደለም። አሜሪካ ደግሞ ሌላ ነው፣ ቨርጂኒያ ያለችው የአክስቴ ልጅ መጀመሪያ ፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ጋ ሄደው ፈቃድ አወጡ፣ ያ ፈቃድ የሚያገለግለው ለ60 ቀን ነው፣ ከዛ የማጋባት ፈቃድ ያላቸው ካህን ተክሊሉን ፈጽመው ወረቀቱ ላይ ፈርመው ለፍርድ ቤቱ መለሱ፣ በቃ፣ ተክሊሉ ራሱ የመንግሥት ጋብቻ ሆነ። እዛ የሚጠፋው ነገር ፈቃዱ ቀኑ ሲያልፍበት ወይ ካህኑ ፈርመው ሳይመልሱት ሲቀር ነው፣ ከሰርጉ በኋላ የተመዘገበውን ወረቀት ቅጂ ሳታወጡ አትረፉ። ስዊድንም ይሄን ይመስላል፣ ግብር መሥሪያ ቤቱ ጋብቻን የሚከለክል ነገር የለም የሚል ማስረጃ ይሰጣል፣ አራት ወር ያገለግላል፣ ካህኑ የማጋባት ሥልጣን ከተሰጣቸው መካከል ከሆኑ በቤተ ክርስቲያን የተፈጸመው ይጸናል፣ ካልሆኑ አይጸናም። ግሪክ እንኳን ኦርቶዶክስ አገር ሆና እስከ 1982 ድረስ የመንግሥት ጋብቻ የሚባል አልነበራትም፣ ዛሬ ሁለቱም እኩል ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ቤይሩት (ሊባኖስ) እና እስራኤል አለ። እዛ አገር ውስጥ የመንግሥት ጋብቻ የሚባል የለም፣ ሁሉም በሃይማኖቱ ነው፣ ሃይማኖታቸው የተለያየ ወይም በሃይማኖት መጋባት የማይፈልጉ ሰዎች ቆጵሮስ ሄደው በማዘጋጃ ቤት ተጋብተው ይመለሳሉ፣ ያን ደግሞ እነዚሁ አገሮች ይቀበሉታል። ይሄን ስሰማ አባባ ትዝ አሉኝ፣ ስነግራቸው «እንግዲያ ቤይሩት ይሻላል» አሉኝ።

ዘንድሮ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ተራው ደርሶ እሱም የጎጃም ልጅ ሊያገባ ነው፣ ልጅቷ ግን እዛው ጀርመን ነው የምትማረው። ሁለቱም እዛ ስላሉ በመጀመሪያ ሽታንደስአምት ይፈርማሉ፣ ተክሊሉ ጥር ላይ ደምበጫ ይሆናል። የልጅቷ እናት ቢቸና ናቸው፣ ፊርማውን ሲሰሙ ልጄን ሳልድራት ወሰዷት ብለው አለቀሱ። ይሄ የብዙ ቤተሰብ ጸብ ነው፣ የወረቀቱን ቀን እኛ እንደ ሰርግ አንቆጥረውም፣ ጀርመን ደግሞ ከሱ ሌላ አይቆጥርም። የንስሐ አባታቸው የፈቱት እንዲህ ነው፣ ፊርማው ፊርማ ነው፣ ቤት ግን እስከ ተክሊሉ በየግላችሁ ኑሩ አሏቸው፣ ልጅቷ እዛው ከጓደኛዋ ጋር ናት፣ እሱ ከኛ ጋር። ይሄን እኔ ራሴ ለእናትየዋ ደውዬ ሳስረዳቸው በረድ አሉ፣ «እንዲህ ከሆነስ ጌሾውን ላሰናዳ» አሉኝ።

የቀረው አንድ ነገር ነው፣ እሱንም አደራ ብያቸዋለሁ። ደምበጫ ተክሊሉ ካለቀ በኋላ አንዱ ዘመድ ተነስቶ ኑ ቀበሌ ላስመዝግባችሁ ብሎ እንዳያንደረድራቸው። እነሱ በጀርመን ወረቀት ከተጋቡ ቆይተዋል፣ ቀበሌ ያላገባ ማስረጃ አውጥተው በጥር ቀን እንደ አዲስ ቢመዘገቡ ውሸት ከመሆኑም ሌላ አንድ ባልና ሚስት በሁለት አገር ሁለት የጋብቻ ቀን ይኖራቸዋል፣ ቆይቶ ልጅ ሲመዘገብ ወይ ዜግነት ሲጠየቅ የትኛው ነው የሚባል ጥያቄ ይመጣል። የኢትዮጵያውም እንዲያውቀው ከፈለጉ ኤምባሲያችን ውጭ የተፈጸመ ጋብቻ ይመዘግባል፣ የጀርመኑን ቀን እንዳለ ይዞ። የደብሩን የተክሊል ምስክር ወረቀት ግን ይውሰዱ፣ በፓስፖርት ስማቸውም በክርስትና ስማቸውም፣ ላይኛው መስመር ላይ ሥርዓተ ተክሊል የተፈጸመበት ቀን ተብሎ ይጻፍበት፣ ያ ግድግዳ ላይ ይሰቀል።